ወደ የሂብ አገር፦ ከአዲስ አበባ እስከ ቦህ

ቅዳሜ፣ አዲስ አበባ

የጉዟችን ምክንያት አንድ ቁጥቋጦ ነው። እኛ የሂብ እንለዋለን፣ ሶማሌዎች ዪዕብ ይሉታል፣ በሳይንሳዊ ስሙ ኮርዶክሲያ ኤዱሊስ ይባላል። በተፈጥሮ የሚበቅለው በሶማሌ ክልል ምሥራቃዊ ጠርዝና ከዚያ ወዲያ በመካከለኛው ሶማሊያ፣ ከበለድወይን ሰሜን ምሥራቅ አንሥቶ ወደ ጋልካዮ በሚዘልቀው ቀይ አሸዋማ ምድር ብቻ ነው። እንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ ሄምስሊ እ.ኤ.አ. በ1907 ሲመዘግበው የወገን (ጂነስ) ስሙን በጊዜው የብሪታንያ ሶማሌላንድን ያስተዳድር በነበረው በኮርዶ ስም ሰየመው። በዚህ ወገን ሥር ከየሂብ በቀር ሌላ ዝርያ የለም። ፍሬው ስኳርም፣ ስታርችም፣ ፕሮቲንም፣ ቅባትም በአንድነት የያዘ በመሆኑ ወተት በሚነጥፍበት የድርቅ ወራት አርብቶ አደሩን ይዞ ያሻግራል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለአደጋ ተጋላጭ ከሚላቸው ዕፅዋት ተርታ አስገብቶታል።

እኛ የምንሄደው ቅጠል ለመሰብሰብ ነው። ከቅጠሉ ዲኤንኤ እናወጣለን፤ ከዲኤንኤው ደግሞ ማርከር የሚባሉትን፣ አንዱን ዕፅ ከሌላው የሚለዩ የዘረመል ጠቋሚዎች እናዘጋጃለን። ሥራው በወረቀት ላይ ሲነበብ የቤተ ሙከራ ሥራ ይመስላል፤ በእኔ እምነት ግን የጠቋሚው ዋጋ የሚወሰነው ማሽኑ ፊት ከመቀመጣችን በፊት፣ ቅጠሉ ከየትኛው ቁጥቋጦና ከምን ያህል ርቀት እንደተቀነጠሰ በምንወስንበት ሜዳ ላይ ነው። ስለዚህ የማስታወሻዬን ትልቁን ድርሻ ለሜዳው ሰጥቼዋለሁ።

ቀኑ ያለፈው በማሸግ ነው። እርጥበት የሚመጥ ብርቱካናማ ሲሊካ ጄል፣ ቅጠሉ የሚገባባቸው የቡና ማጣሪያ ወረቀቶች፣ በዚፕ የሚዘጉ ከረጢቶች፣ መቀስና አልኮል፣ ጂፒኤስ፣ የመቶ ሜትር ሜትሮ፣ ብዙ እርሳስ። የብዕር ቀለም አልኮል ሲነካው ይሟሟል፤ እርሳስ ግን ይጸናል። ለዕፅ መጫኛው ሁለቱ ጣውላዎች መካከል የሚገቡ የቆዩ ጋዜጦችንም በክምር ወስደናል። ከየቦታው አንዳንድ ቅርንጫፍ ተጭኖና ደርቆ ለብሔራዊ ሐርባሪየም፣ ማለትም ለደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ፣ ይሰጣል። ነገ ከነገ ወዲያ ሌላ ተመራማሪ «እውነት የሂብ ነበር ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱን ማግኘት የሚችለው ዕፁን ራሱን አይቶ ነው።

ከሁሉ በላይ ያስፈለገን ግን ወረቀት ነው። በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የአገሪቱን የዘረመል ሀብት ለጥናት ለመውሰድ ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የአርክቦት፣ ማለትም ሀብቱን የማግኘትና የመጠቀም፣ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከአካባቢው ሰው የሚገኘውም እውቀት እንዲሁ በማኅበረሰቡ ስምምነት የሚወሰድ እንጂ ሜዳ ላይ የወደቀ ነገር አይደለም። አንዳንድ የሙያ ጓደኞቼ ይህን ሁሉ ማጓተት አድርገው ያዩታል። እኔ አልስማማም። ዲኤንኤው ለንባብ ወደ ውጭ መላኩ የማይቀር ስለሆነ፣ ከመነሻው ማን ምን እንደሰጠና ለምን እንደሰጠ የሚናገር ሰነድ ከሌለ፣ ነገ የሚመጣውን ጥያቄ የሚመልስልን አይኖርም።

እሑድና ሰኞ፣ ጅግጅጋ

ከአዲስ አበባ ብርድ ተነሥተን ጅግጅጋ ስንወርድ አየሩ ሞቅ ያለ ቢሆንም ነፋሱ አልተለየንም፤ ከተማዋም በረሃ አይደለችም። የካራማራ ተራራ በስተ ምዕራብ፣ ሰፊው ሜዳ በስተ ምሥራቅ። ባጃጆቹ ከመንገዱ ይልቅ የራሳቸውን ሕግ ይከተላሉ።

ሰኞ ጠዋት ደብዳቤዎቻችንን ለክልሉ ቢሮ አስገባን። የክልሉ ደብዳቤ ለዞኑ፣ የዞኑ ለወረዳው፣ የወረዳው ለቀበሌው ይጻፋል። ከሰዓት በኋላ በጉዞው ሁሉ አስተርጓሚያችን የሚሆነው ወጣት ተቀላቀለን። በባዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪውን የያዘ፣ በእናቱ ወገን የጉዟችን መድረሻ በሆነው በቦህ አካባቢ ዘመድ ያለው ልጅ ነው። ሻይ በግመል ወተት እየጠጣን ካርታውን ዘርግተን ስንመክር፣ የትኛው መንገድ ከዝናቡ በኋላ እንደሚያልፍ ካርታው የማይናገረውን እሱ ነገረን። ጉ የሚባለው የሚያዝያና የግንቦት ዝናብ ገና መውጣቱ ነው። ለእኛ ጥሩ ጊዜ ነው፤ የሂብ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይረግፍ ቢሆንም ለዲኤንኤ የሚመረጠው ገና ያልጠነከረው ለጋ ቅጠል ነው፣ እሱም የሚገኘው ዝናብ ተከትሎ ነው።

ማክሰኞ፣ ወደ ቀብሪደሃር

ገና ሳይነጋ ተነሣን። ቀብሪበያህን አልፈን፣ የጀረርን ሸለቆ ይዘን ደገሐቡር ገባን፤ እዚያ ቁርስ በልተን ቀጠልን። ከደገሐቡር በኋላ ግራርና ከርቤ ዘር ቁጥቋጦው እየሳሳ፣ አፈሩም ከቡናማ ወደ ቀይ እየተለወጠ ይሄዳል። በየመንገዱ ዳር በሲሚንቶ የተለሰነ ቢርካ ይታያል፤ ከመሬት ውስጥ ተቆፍሮ የጎርፍ ውሃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ነው። በዚህ አገር የሰፈራው ካርታ ማለት የቢርካው ካርታ ነው፤ ይህን ለናሙናችን ስንል በጥንቃቄ መዝግበነዋል። ቢርካ ባለበት መንጋ ይበዛል፣ መንጋ በበዛበት ደግሞ ለጋ ችግኝ አይተርፍም።

መንገዱ ረጅም ስለነበር ከአስተርጓሚያችን ጋር ሰፊ ክርክር ገጠምን። ልጁ በሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፉ አይኤስኤስአር የተባለውን የዘረመል መለያ ዘዴ ተጠቅሟል። በአገራችን የድኅረ ምረቃ ሥራዎች ውስጥ ዘዴው እጅግ የተለመደ ነው፤ የዕፁን ቅደም ተከተል ቀድሞ ማወቅ አያስፈልግም፣ ዋጋውም አይከብድም፤ በተዘጋጁ ፕራይመሮች፣ ማለትም የማባዛቱ መነሻ በሚሆኑ አጫጭር የዲኤንኤ ቁርጥራጮች፣ አባዝቶ ጄል ላይ መስመሮቹን መቁጠር ይበቃል። «ታዲያ ለምን አዲስ ጠቋሚ እንፈጥራለን?» አለኝ።

የመለስኩለት እንዲህ ነበር። በአይኤስኤስአር መስመሩ አለ ወይም የለም፤ ከዚያ ያለፈ አይነግርህም። ከአባትና ከእናት አንድ ዓይነት ቅጂ የወረሰው ቁጥቋጦ እና ከአንዳቸው ብቻ የወረሰው በጄሉ ላይ አንድ ሆነው ይታያሉ። እኛ ማወቅ የፈለግነው ግን በትክክል ይህንኑ ነው፤ ዕፁ በዙሪያው እየተመናመነ ሲሄድ የተረፉት እርስ በርስ ተዛማጆች ሆነው በዘመድ መካከል ወደመዳቀል ገብተዋል ወይ የሚለውን። ማይክሮሳተላይት የሚባለው ጠቋሚ ይህን ይለያል። በዲኤንኤው ውስጥ ከአንድ እስከ ስድስት ፊደል የሚሆን አጭር ቅደም ተከተል ደጋግሞ የሚመጣበት ቦታ አለ፣ ጂኤ ጂኤ ጂኤ እያለ የሚሄድ። ሕዋሱ ዲኤንኤውን ሲገለብጥ እዚህ ቦታ ላይ አንዳንዴ ይንሸራተትና አንድ ድግግሞሽ ይጨምራል ወይም ያጎድላል፤ በትውልድ ብዛት ርዝመቱ ከአንዱ ዕፅ ወደ ሌላው ይለያያል። ከድግግሞሹ ግራና ቀኝ ባለው የማይለዋወጥ ክፍል ላይ ፕራይመር አሳርፈህ ፒሲአር በሚባለው የዲኤንኤ ማባዣ ዘዴ ብታባዛው፣ የእያንዳንዱን ቁጥቋጦ ሁለቱንም ቅጂ በርዝመታቸው ለይተህ ታነባለህ።

ልጁ በቀላሉ የሚረታ አልነበረም፤ ዛሬ ዓለም የተሻገረው በአንድ ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ የነጠላ ፊደል ልዩነቶችን ወደሚያነብበው ዘዴ ነው ሲል ሞገተኝ። እውነቱን ነው። ነገር ግን ያ ዘዴ በየጊዜው ናሙናውን ሁሉ ወደ ውጭ መላክን ይጠይቃል፤ ማይክሮሳተላይቱ ግን አንድ ጊዜ ከተዘጋጀ በኋላ ፒሲአር ማሽን ባለው በማንኛውም የአገር ውስጥ ቤተ ሙከራ ተማሪ ሊሠራበት ይችላል። ደካማ ጎኑ፣ የአንዱን ቤተ ሙከራ የርዝመት ንባብ ከሌላው ጋር ማስታረቅ ማስቸገሩ ነው፤ መፍትሔውም ጥቂት የጋራ ናሙናዎችን በሁሉም ቦታ አብሮ ማስነበብ ነው። የናሚቢያ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ማራማ ለተባለው የካላሃሪ በረሃ ባቄላ ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። ማራማም እንደ የሂብ በዱር የሚበቅል፣ ዝናብ በማይታመንበት አገር ሰውን የሚመግብ፣ ወደ እርሻ ግን ያልገባ ጥራጥሬ ነው።

ቀብሪደሃር የደረስነው ከመሸ ነው። ሩዝና የፍየል ሥጋ በልተን ተኛን።

ረቡዕ፣ ዋርዴር

ከቀብሪደሃር ወደ ምሥራቅ መንገዱ አሸዋ ነው። ላንድክሩዘሩ በመኪና ጎማ የተቆፈሩ ሁለት ቦዮችን ይዞ ይሄዳል፤ ከቦዩ ከወጣ ይሰምጣል። በየጊዜው እንሹ ጥንድ ጥንድ ሆና ከፊታችን ትዘላለች። ዋርዴር የዶሎ ዞን ከተማ ናት። ዞኑ ደብዳቤውን ያለ ብዙ ጥያቄ ጽፎ ሰጠን፤ ሁለት የአካባቢ ሚሊሻዎችም ተመደቡልን። ስለ ቀኑ ከዚህ የበለጠ የምጽፈው የለኝም።

ሐሙስ፣ ቦህ

የመጀመሪያውን የሂብ ያየነው ከመኪናው ውስጥ ሆነን ነው፤ ሾፌራችን ከእኛ ቀድሞ አወቀው። ዙሪያው ሁሉ ከል በመሰለበት ሜዳ ላይ የወይራ ዓይነት አረንጓዴ የለበሰ፣ ከሰው ቁመት ጥቂት ከፍ የሚል፣ ከሥሩ ብዙ ግንድ ያወጣ ቁጥቋጦ ነው። ከላዩ የምናየው ከመሬት በታች ካለው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ዘሩ ሲበቅል ገና ሁለት ቅጠል ሳያሳይ ዋና ሥሩን ወደ ታች ይሰዳል፣ ለዚህም ነው ችግኙን ከቦታ ቦታ ማዛወር የሚያስቸግረው።

ቅጠሉን ገልብጬ በማጉያ መነጽር አየሁት። ከላይ ወፍራምና ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው፤ ከታች ግን በዓይን ለማየት የሚከብዱ ቀያይ እጢዎች በብዛት ተነጥበውበታል። በሁለት ጣቴ ጨምቄ ሳሸው ጣቶቼ ብርቱካናማ ቀይ ሆኑ፣ ቀለሙም በሳሙና ታጥቦ እስከ ማታ አልለቀቀም። ቀለሙ ኮርዶክሲያኪኖን የሚባል ውሕድ ነው፤ ከብረት ነክ ንጥረ ነገሮች ጋር ተጣብቆ የሚቀር በመሆኑ ለጨርቅ ማቅለሚያ ያገለግላል፣ የሂብ የምትቀነጥስ ፍየልም ስትታረድ አጥንቷ ቀልቶ ይገኛል። አስተርጓሚያችን ይህን በልጅነቱ እንዳየ ነገረን፤ አብረውን ያሉት ሚሊሻዎችም እየሳቁ አረጋገጡለት። እኔ ግን የሳቅኩት በግማሽ ልቤ ነው። ዕፁን ለዓለም ያስተዋወቀው ይህ ቀለም ዲኤንኤውን ስናወጣ አብሮ የሚወጣና ፒሲአሩን የሚያሰናክል መሆኑን ከወዲሁ አውቀዋለሁ።

ሥራው በሜትሮ ተጀመረ። በቅርብ ያሉ ቁጥቋጦዎች የአንድ እናት ልጆች ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ቢያንስ ሠላሳ ሜትር ያህል የተራራቁትን ብቻ ለመውሰድ ተስማማን፤ ከአንድ ሥር የወጡ የሚመስሉ ግንዶችንም እንደ አንድ ቆጠርን። ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም። አንድ አሮጌ ቁጥቋጦ በጊዜ ብዛት መሐሉ ደርቆ ዳርና ዳሩ ቢቀር፣ ሁለት ዕፅ መስሎ ይታያል፤ ሁለቱንም ብንወስድ በሠንጠረዡ ላይ አንዱ ግለሰብ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፣ ብዝኃነቱም ከእውነቱ በታች ሆኖ ይወጣል። በአንድ ቦታ ብቻ፣ ሆን ብለን፣ ጎን ለጎን ያሉትን ሁሉ ለየብቻ ምልክት ሰጥተን ወሰድን። ጠቋሚዎቹ ሲዘጋጁ አንድ ናቸው ወይስ ብዙ የሚለውን በእነሱ ላይ እንፈትናለን።

የእያንዳንዱ ናሙና አወሳሰድ እንዲህ ነው። መቀሱ በአልኮል ይጠረጋል፤ ሁለት ወይም ሦስት ለጋ ቅጠል ይቆረጥና በማጣሪያ ወረቀት ተጠቅልሎ ሲሊካ ጄሉ ውስጥ ይቀበራል፤ ከረጢቱ ላይ የቦታው ኮድና የቁጥቋጦው ቁጥር ይጻፋል፤ ጂፒኤሱ ይነበባል፤ የቁጥቋጦው ቁመትና የጫፉ ስፋት ይለካል፤ ፍየል ወይም ግመል የበላው ከሆነ ይመዘገባል። የሲሊካው እንክብሎች እርጥበቱን ሲጠጡ ከብርቱካናማ ወደ አረንጓዴ ይለወጣሉ። ለመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች ማታውኑ ለውጠንላቸዋል፤ የየሂብ ቅጠል ወፍራምና ሰም ለበስ ስለሆነ ውሃውን በቀስታ ነው የሚለቀው፣ ቀስ ብሎ የደረቀ ቅጠል ደግሞ ዲኤንኤው ይሰባበራል። ቅጠሉን ለሁለት ሰንጥቆ ማስገባት እንደሚያፋጥነው ከሰዓት በኋላ አስተዋልን፤ ከዚያ ወዲህ ሁሉንም ሰንጥቀን ነው ያስገባነው።

አርብ፣ ቦህ

ጠዋት ሥራ ነበር፤ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ደግሞ የመንደሩ ሽማግሌዎች በትልቅ ግራር ጥላ ሥር ተቀበሉን። አስተርጓሚያችን በዕድሜ የሚበልጡትን «አዴር» እያለ፣ እጁን ደረቱ ላይ እያደረገ ሰላምታ ሰጠ። ከመካከላቸው ጢማቸውን ሂና የተቀቡት ሽማግሌ ነበሩ አብዛኛውን የተናገሩት።

«ቅጠሉን ወስዳችሁ ምን ልታደርጉበት ነው? ፍሬውን ቢሆን ይገባኛል» አሉ።

ቅጠሉ ውስጥ የዕፁ የትውልድ ሐረግ እንዳለ፣ እሱንም ማንበብ እንደምንፈልግ ነገርናቸው። የትውልድ ሐረግ ሲባል ፊታቸው በራ፤ ሶማሌ ልጁን ገና አፉን ሲፈታ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እያለ እስከ ጎሳው አባት ድረስ የሚያስቆጥር ሕዝብ ነው። «ታዲያ ይኸኛውን ከዚያኛው ጋር ለምን ደባለቃችሁ?» ብለው አንድ ሐሳብ ጣሉብን። የሂብ ለእሳቸው አንድ አይደለም። ሱለይ አለ፣ ሞቅለይ አለ። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ከረጢታችንን ማየት አላስፈለጋቸውም፤ ከተቀመጡበት ሆነው በዱላቸው እያመለከቱ ያ ሱለይ ነው፣ ያኛው ሞቅለይ ነው ይሉ ጀመር።

ሁለቱ ስሞች በጽሑፍ ተመዝግበው ቀድሞ አንብቤያቸዋለሁ፤ በዓይን ሲለዩ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። በዘረመል ቋንቋ ጥያቄው እንዲህ ይቀርባል፦ አርብቶ አደሩ የሚያየው ልዩነት የዘር ነው ወይስ የአፈርና የውሃ? የዘር ከሆነ፣ ጠቋሚዎቹ ሱለይንና ሞቅለይን አንዱ ከሌላው አጠገብ እየበቀሉም እንኳ ለይተው ሊያሳዩ ይገባል። የአፈር ከሆነ፣ የአንድ አካባቢ ሱለይ ከሩቁ ሱለይ ይልቅ ለጎረቤቱ ሞቅለይ ይቀርባል። ጥያቄው ንጹሕና ሊፈተን የሚችል ነው፤ ሽማግሌው ባይነሡት ኖሮ ናሙናችን ሊመልሰው በማይችል መልክ ተሰብስቦ ይቀር ነበር። በመዝገባችን ላይ አዲስ ዓምድ ጨመርን፣ ከቀትር በኋላም ሽማግሌው ራሳቸው አብረውን ዞረው በትናንትናዎቹ ቁጥቋጦዎች ላይ ሁሉ ስም ሰጡልን። በአንዳንዶቹ ላይ ከሌላ ሽማግሌ ጋር ተከራከሩ፤ እነዚያን «አከራካሪ» ብለን መዘገብናቸው። አከራካሪዎቹ ምናልባት ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅሙት ናቸው።

ከዚያ ወሬው ወደ ጥንቱ ዞረ። በወጣትነታቸው የሂብ አሁን ምንም በሌለበት ስፍራ ሁሉ እንደነበረ፣ ለማገዶ እንደተቆረጠ፣ ፍሬው ሳይበስል እንደሚለቀም አወሩን። ያልበሰለው የሚለቀመው ሰው ስለቸኮለ ብቻ አይደለም። ዛሬ ያልለቀምከውን ነገ ሌላ ሰው ወይም ፍየል ይወስደዋል፤ ስለዚህ ሁሉም ቀድሞ ይለቅማል፣ ለዘርም የሚወድቅ አይኖርም። በቆምንበት ሰፊ ሜዳ ላይ አሮጌ ቁጥቋጦ እንጂ ከጉልበት በታች የሆነ ችግኝ ስንፈልግ ያገኘነው በእሾሃማ ቁጥቋጦ ውስጥ ተሸሽጎ የበቀለውን ጥቂት ብቻ ነው። እነዚህንም ለየብቻ ወሰድናቸው። የዘረመል ብዝኃነት ከመመናመኑ ጋር እኩል አይወርድም፤ አሮጌዎቹ ዕፅዋት ብዙ ዕድሜ ስላላቸው የቀድሞውን ብዝኃነት ተሸክመው ይቆያሉ፣ ጉዳቱ ቀድሞ የሚታየው በልጆቹ ላይ ነው። አሮጌውን ብቻ ለክቶ «ደህና ነው» ማለት የሚያሳስት ድምዳሜ ይሆናል።

ቅዳሜ፣ ቦህ

ዛሬ ፍሬውን ቀመስኩ። አንዲት እናት በብረት ድስት ቀቅለው ከነልጣጩ አቀረቡልን። ልጣጩ ቀጭን ነው፣ በጥርስ ሲነኩት ይሰበራል፤ ውስጡ ጣፋጭ፣ ጠጠር ያለና ቅባት ያለው ነው። የተቀቀለበት ውሃም አይደፋም፤ ጣፋጭ ስለሆነ ይጠጣል። ልጆቹ አንዱን በእጃቸው እየፈለፈሉ ሌላውን በዓይናቸው ይመርጡ ነበር።

ለዘር ያልነውን ጥቂት ፍሬ ግን ስንከፍተው ብዙዎቹ በነቀዝ ተበልተው አገኘን። የየሂብ ዘር እንደ እህል ለዓመታት የሚቀመጥ አይደለም፤ በጥቂት ወራት ውስጥ የመብቀል ኃይሉን ያጣል፣ ካልተቀቀለ ወይም ካልተቆላ ደግሞ ነቀዙ ይቀድማል። ስለዚህ በዘር ባንክ ቀዝቃዛ ክፍል አስቀምጦ ማዳን እንደ ጤፍና እንደ ስንዴ ቀላል አይሆንም፤ መጠበቅ ያለበት ቆሞ ባለበት ቦታ ወይም በተተከለ ማሳ ነው። ጠቋሚዎቹም ለፖሊሲ የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው። አጥር የሚሠራለት ቦታ አንድ ብቻ ቢሆን፣ የትኛው ይሁን? ብዙ ዕፅ ያለበት ሳይሆን ሌላ ቦታ የማይገኝ አሊል (የዘረመል ቅጂ ዓይነት) ያለበት ሊሆን ይችላል። የሂብ ወደ ኬንያና ወደ እስራኤል ለሙከራ ተወስዶ ተተክሏል፤ ከጥቂት ዘር የሚጀመር ተክል ግን ምን ያህል ቢበዛ የእነዚያን የጥቂቶቹን ብዝኃነት ነው ይዞ የሚሄደው።

በገበያው ላይ ፍሬው ከድንበር ወዲያና ወዲህ በጆንያ ይሸጣል። ይህም ለእኛ ቁም ነገር አለው። ሰው ዘሩን በጆንያ ሲያጓጉዘው የዘሩ ጉዞ ከአበባ ብናኙ ጉዞ ይለያል። በአብዛኞቹ አባቢ ዕፅዋት የክሎሮፕላስት ዲኤንኤ የሚወረሰው ከእናት ብቻ በመሆኑ የዘሩን መንገድ ይከተላል፤ የኒውክሊየሱ ማይክሮሳተላይት ደግሞ የሁለቱንም። ሁለቱን ጎን ለጎን ብናነብ የትኛው እንደተጓዘ እናያለን። የክሎሮፕላስት ጠቋሚም በዕቅዱ ውስጥ እንዲገባ ዛሬ ማታ ተስማማን።

እሑድ

መመለሻ። አሸዋ፣ ሙቀት፣ አንድ የፈነዳ ጎማ። ናሙናው ደህና ነው።

ሰኞ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ አዲስ አበባ

ዛሬ የመጀመሪያዎቹን ቅጠሎች ፈጨን። የዕፅ መጫኛውን ስንከፍት ቅርንጫፎቹ በጋዜጣው ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ትተዋል፤ ለሐርባሪየሙ የሚሰጡት ወደ ንጹሕ ወረቀት ተዛወሩ።

ዲኤንኤ ለማውጣት የምንጠቀመው ሲታብ የሚባለውን የታወቀ ዘዴ ነው። የተፈጨው ቅጠል በሙቅ ሲታብ ፈሳሽ ውስጥ በ65 ዲግሪ ይቆያል፣ በክሎሮፎርም ይለያል፣ በአይሶፕሮፓኖል ይዘቅጣል። በተለመደው አሠራር የሞከርናቸው ናሙናዎች በቱቦው ጫፍ ላይ የተውት ዝቃጭ ነጭ መሆን ሲገባው ሮዝ ነበር። ፎቶሜትሩም ያንኑ ተናገረ፤ የዲኤንኤውን ንጽሕና የሚያሳየው፣ በ260 እና በ280 ናኖሜትር የሚለካው የብርሃን መምጠጥ ንጽጽር ወደ 1.8 ቢጠጋ ጥሩ ነው እንላለን፣ የእኛው ግን ከዚያ በታች ወረደ። ሜዳ ላይ ጣቴን ያቀለመው ኮርዶክሲያኪኖን እዚህም ተከትሎን መጥቷል።

መድኃኒቱ ከሲታቡ በፊት መታጠብ ነው። የተፈጨው ቅጠል በመጀመሪያ ሶርቢቶል ባለው ቀዝቃዛ ፈሳሽ ይናጣል፣ በሴንትሪፊዩጅ ይሽከረከራል፣ ቀለሙን የያዘው ፈሳሽ ይደፋል፤ ፈሳሹ እስኪጠራ ይህ ይደጋገማል። ከዚያ በኋላ ፒቪፒና ሜርካፕቶኤታኖል በተጨመረበት ሲታብ ይቀጥላል፤ የመጀመሪያው ፊኖል የሚባሉትን ውሕዶች ይይዛል፣ ሁለተኛው ኦክሲጅን እንዳያበላሻቸው ይከላከላል፣ ሽታው ግን ከኮሪደሩ ማዶ ያሉትን ሁሉ ያስማርራል። ከመታጠቡ በኋላ ዝቃጩ ነጣ። በአንድ በመቶ አጋሮዝ ጄል ላይ ስናሮጠው ዲኤንኤው ከላይ በአንድ ወፍራም መስመር ቆመ፤ ወደ ታች ያፈተለከው ጥቂት ነው። ሰንጥቀን ያደረቅናቸው ቅጠሎች ሳይሰነጠቁ ከደረቁት የተሻለ መስመር ሰጡ።

የሚቀጥለው እርምጃ ጂኖሙን፣ ማለትም የዕፁን ሙሉ ዲኤንኤ፣ በዝቅተኛ ሽፋን (እያንዳንዱን ቦታ ጥቂት ጊዜ ብቻ) ማስነበብ ነው። የተነበቡት ቁርጥራጮች በኮምፒዩተር ተፈትሸው ድግግሞሽ ያለባቸው ይለቀማሉ፣ ግራና ቀኛቸው ለፕራይመር የሚመች ቦታ ያላቸው ይመረጣሉ። ከሁለት ፊደል ድግግሞሽ ይልቅ የሦስቱን አስቀድማለሁ፤ የሁለቱ ቁጥሩ ብዙ ቢሆንም ፒሲአሩ ራሱ እየተንሸራተተ በንባቡ ግራፍ ላይ ከዋናው ጫፍ አጠገብ የሐሰት ጫፎች ስለሚያወጣ አንባቢውን ያደናግራል። የተመረጡት ፕራይመሮች የሚፈተኑት ደግሞ ከአንድ ቦታ በመጡ ቁጥቋጦዎች ላይ አይደለም። በአንድ አካባቢ ዕፅ ላይ ብቻ ተፈትኖ የተመረጠ ጠቋሚ፣ ሌላ አካባቢ ሲደርስ ፕራይመሩ የሚያርፍበት ቦታ ተለውጦ ባዶ ሊያወጣ ይችላል፤ ያኔ ሁለት የተለያዩ ቅጂዎች ያሉት ዕፅ አንድ ብቻ ያለው መስሎ ይነበብና ያልነበረ የዘመድ መዳቀል እንዳለ ይቆጠራል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ፈተና የመደብናቸው ከሰበሰብንባቸው ቦታዎች ሁሉ እጅግ የተራራቁትን፣ ሱለይም ሞቅለይም የተባሉትን፣ ከአከራካሪዎቹም ሁለቱን ነው።

ከሠንጠረዡ ላይ የአርብቶ አደሩን መለያ ዓምድ እናውጣው የሚል ሐሳብ በስብሰባችን ላይ ተነሥቶ ነበር፣ ምክንያቱም ሁለት ሽማግሌዎች ያልተስማሙበት ነገር መረጃ አይባልም የሚል ነው። ዓምዱ ባለበት እንዲቆይ ተከራክሬ ሳይወጣ ቆይቷል። ዕፅዋቱን በዘረመል ከሚመድበው ስትራክቸር ከተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚወጣው አመዳደብ ለሽማግሌዎቹ አመዳደብ ተገዥ አይሆንም፤ ትንታኔው የሚሠራው ስሞቹን ሳያይ ነው፣ ንጽጽሩም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለንባብ የሚላከው ዲኤንኤ በናሙና ዝውውር ስምምነቱ ላይ በተጻፈው መጠን ተመዝኖ ታሽጓል፤ ረቡዕ ይላካል።